ቀኙ ለአባት ወገን፣ ግራው ለእናት

ግንቦት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ እንጅባራ፣ በከሰል ነጋዴው በመሳፍንት ቤት ሳሎን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የዕርቁ ሽማግሌ ጋሽ ኪዳኑ፣ የመሳፍንት ታላቅ እህት ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ መሳፍንት ራሱ፣ ሚስቱ ትርሲት፣ ከጫግኒ የመጣው የትርሲት አጎት አሳምነው፣ እና ዓይኗ ሊታይ የተቀመጠችው የሰባት ዓመቷ አርሴማ። አርሴማ ብርሃን እንዲያገኛት ተብሎ በሩ ፊት ለፊት በተቀመጠ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ አገጯን ቀና አድርጋ ነበር። ጋሽ ኪዳኑ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና ጎንበስ ብለው መጀመሪያ ቀኝ ዓይኗን፣ ቀጥሎ ግራ ዓይኗን አዩ። ከዚያ እንደገና ቀኙን አዩ። አውራ ጣታቸው ሲነካት ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ለምዳዋለች፤ ከኅዳር ጀምሮ ወደዚህ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ዓይኗን ሳያይ አይቀመጥም።

ቀኙ ዓይን ነጭ ነበር፤ ወተት የመሰለ፣ አንድ የደም ሥር እንኳ የማይታይበት። ግራው ቀልቷል። ቆቡ አብጧል፣ ጥጉ ላይ እንደ ክር የሚሳብ ዓይናር አለ፣ ልጅቷም ጋሽ ኪዳኑ እጃቸውን እንዳነሱ በጡጫዋ ታሸው ጀመር። እናቷ እጇን ያዘችባት።

ነገሩ የዓይን አለርጂ ነው። አቧራ፣ ጭስ፣ የአበባ ብናኝ ሲነካት ያሳክካታል፣ ይቀላል፣ ብርሃን ያስፈራታል። የመሳፍንት ግቢ ደግሞ እስከ አጥሩ ድረስ የአካሽያ ዛፍ ከሰል በማዳበሪያ የተከመረበት ግቢ ነው። ባለፈው ዓመት ልጅቷ ዓይኗን መግለጥ ባቃታት ጊዜ ወርቅአየሁ ተሸክማ አንድ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻትና ጠብታ ታዘዘላት፤ በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ጠራ። ሐኪሙ ለሳምንት ብቻ ነበር ያዘዘው። ጠብታው ሲያልቅ ቅላቱ ተመለሰ፤ ወርቅአየሁም ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዳ ያንኑ ገዛች። ከዚያ ወዲህ ብልቃጡ ባለቀ ቁጥር ባዶውን እያሳየች ሌላ ትገዛለች። ትርሲት ደግሞ በኅዳር ዳንግላ ወደሚገኝ የዓይን ክሊኒክ ወስዳት ሌላ ጠብታ ይዛ መጣች፤ ዋጋው የአክስትየዋን እጥፍ እጥፍ የሚሆን፣ ሥራው ግን ቀስ የሚል። ሁለቱ ሴቶች በዚህ ተጣሉ። ወርቅአየሁ የትርሲትን ብልቃጥ ወደ ከሰሉ ጓሮ ወረወረችው፤ ትርሲት ልጇን አዝላ ጫግኒ፣ አጎቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ተላከ። ጋሽ ኪዳኑ ድንበር፣ በሬ፣ የባልና ሚስት ንብረት ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሁለቱንም ወገን ሰምተው እንደለመዱት አካፈሉ። ቀኝ ዓይኗ በአባት ወገን ጠብታ፣ ግራ ዓይኗ በእናት ወገን ጠብታ ይታከም፤ በጋው ሲወጣ የቱ እንደሚሻል እናያለን አሉ። ሁሉም ፍርዱን ወደዱት። ትርሲትም ያን ቀን ወዳው ነበር፤ ቢያንስ ግማሹን አገኘሁ ብላ።

ሁለቱ ብልቃጦች ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። የአክስትየዋ በቀኝ፣ የእናትየዋ በግራ፤ ማንም እንዳይሳሳት።

ጋሽ ኪዳኑና ወርቅአየሁ በአዊኛ መነጋገር ጀመሩ። መሳፍንት አልፎ አልፎ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል። ትርሲት አባቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ጫግኒ ቆላው ላይ የሰፈሩ ሰው ናቸውና አዊኛው አይገባትም፤ የገበያውን ትሰማለች፣ የምክሩን አትሰማም። አጎቷ አሳምነውም እንደሷው ነው። ሁለቱ የፕላስቲክ ወንበሮቻቸው ላይ ተቀምጠው የሰዎቹን ፊት ያያሉ። በሩ ላይ ጭጋግ ነበር። እንጅባራ፣ ሽማግሎቹ አሁንም ቆሰበር የሚሏት ከተማ፣ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ናት፤ ከግቢው በር ወዲያ ያለው አስፋልት አይታይም፣ የመኪና ድምፅ ብቻ ይመጣል።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ኪዳኑ ወደ አማርኛ ተመልሰው፤ «ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ቀኙ ድኗል፤ ግራው እንደታመመ ነው። አሳምነው፣ አንተ ምን ትላለህ?»

አሳምነው ተነስቶ ልጅቷን ጎንበስ ብሎ አያት። «ቀኙ ንጹሕ ነው» አለና ተቀመጠ። የእህቱን ልጅ አላያትም።

ትርሲት እጇን ጭኗ ላይ አጣመረች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«ልጅቷ ውኃ ስሰጣት ኩባያውን ስታ ከጎኑ ነው እጇን የምትዘረጋው። ይሄ ከፋሲካ በፊት ነው የጀመራት። ግራ ዓይኗን ስታሽ ቆም ትላለች፤ እስክትጨርስ አትራመድም። እንደኔ እንደኔ ቀኙ—»

«ትርሲት» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡ፤ «አንቺ ባለጉዳይ ነሽ። ባለጉዳይ ምስክር አይሆንም። ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«የተረታ ሰው ደግሞ መቼ ወሬ ያጣል!» አለች ወርቅአየሁ። «እንደ ወተት የነጣ ዓይን እያየች! ያንቺው ነው እንደ በርበሬ የቀላው። አርሴ፣ የኔ ማር፣ ታያለሽ አይደል?»

«አያለሁ» አለች አርሴማ።

«ይሄው።»

ልጅቷ አልዋሸችም። ሁለቱም ዓይኖቿ ተገልጠው ስለነበር ታያለች። ትርሲት ሌላ የምትለው ነገር ነበራት፤ ለሳምንታት ስታዘጋጀው ቆይታ ነበር፣ ግን መሳፍንት ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ጉሮሮ ጠረጋ በዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ጋሽ ኪዳኑ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሁለቱም ዓይኖች በወርቅአየሁ ጠብታ እንዲታከሙ፣ ትርሲትም ቂም እንዳትይዝ ወሰኑና ሁሉንም አስነስተው መረቁ። ትርሲት አሜን አለች። አሳምነው የጫግኒ መኪና ሳያመልጠው ብሎ ቁርሱን ሳይጨርስ ወጣ። በሩ ላይ ትከሻዋን ነካ አድርጓት፣ «በይ ቻይው፣ ልጄ» ብሏት ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

ከፍርዱ በኋላ ወርቅአየሁ ብልቃጧን ከቡፌው አንስታ ወደ ብርሃኑ አየችው። ባዶ ነበር። እንጅባራ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ያን ጠብታ ከጨረሱ ሰንብተዋል፤ ዳንግላ ሄዳ መግዛት ነበረባት፤ አሁን ደግሞ ለሁለት ዓይን ስለሆነ ሁለት ብልቃጥ። ጫማዋን እያሰረች፣ «ተነሺ አብረን እንሂድ» አለቻት ትርሲትን። «አርሴንም አልብሻት። ባለመድኃኒት ቤቱ ዓይኗን አይቶ ይንገርሽ። ከኔ አፍ ካልሰማሽ ከሰው አፍ ትሰሚያለሽ።» ትርሲት ልጇን ሹራብ አለበሰቻትና የራሷን ብልቃጥ ከቡፌው አንስታ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ወርቅአየሁ አይታለች፤ ግን አልተናገረችም። ያሸነፈ ሰው አንዳንድ ነገር ያልፋል።

መነኻሪያው ድረስ በባጃጅ ሄዱ። የዳንግላ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ድረስ አርሴማ መሐላቸው ተቀምጣ ተኛች። ረዳቱ ታሪፍ ጨምሯል ብሎ ከተሳፋሪው ጋር ተጨቃጨቀ፤ ነዳጅ ጠፋ፣ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ደግሞ መኖሩንም አናውቅ አለ፤ ተሳፋሪው አጉረምርሞ ከፈለ። የሁለቱንም ወርቅአየሁ ከፈለች። ትርሲት የራሴን ልክፈል አላለችም፤ የሚከፍለው የመሳፍንት እህት ናት፣ የመሳፍንት ብር ነው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ለመከራከር ደክሟታል። ስድስት ወር ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ልጅ ራስ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። አንዷ የቀኙን ቆብ ትገልጣለች፣ አንዷ የግራውን። አንዷ ጠብ ስታደርግ ሌላዋ ታያለች። የልጅቷን ግንባር ለመያዝ የተዘረጉ እጆቻቸው አንዳንዴ ይነካካሉ፤ ያኔ ሁለቱም ይሰበስባሉ።

ሆኖም ወርቅአየሁ ክፉ ሴት አይደለችም። ትርሲት በልቧ ይህን አትክድም፤ የሚያደክማትም ይኸው ነው። መሳፍንት እናቱ ስትሞት ጡት የጣለ ሕፃን ነበር፤ ድንች በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ እየወጣች ያሳደገችው ይህች እህቱ ናት። ለራሷ አላገባችም። አርሴማ ዓይኗን መግለጥ ባቃታት በዚያ ክፉ ሳምንት፣ ትርሲት በእንቅልፍ ስትወድቅ፣ እርጥብ ጨርቅ ዓይኗ ላይ እየለዋወጠች የነቃችላት እሷ ነበረች። ከዚያ በሐኪሙ ጠብታ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ፣ «አክስቴ፣ ነጠላሽ ቆሽሿል» ስትላት ወርቅአየሁ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ያንን ብልቃጥ እንዴት ይጠላል? ሐኪም ያዘዘው ነው፣ በዓይኗ ያየችው ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራው፣ ሳምንታት ቆይቶ እንኳ ማሳከኩን እንጂ ቅላቱን ጨርሶ የማያጠፋው የትርሲት ጠብታ፣ ለእሷ በውድ የተገዛ ውኃ ነበር።

የአዲስ ቅዳምን ከተማ ሲያልፉ ጭጋጉ ቀረ። ዳንግላ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ባትወጣም ትጠብስ ነበር፤ ሰማዩ ላይ አንድ ዳመና አልነበረም። የገበያ ቀን ስለሆነ መነኻሪያው ፊት ጋሪዎች ተሰልፈዋል። ወርቅአየሁ እግሯ ስለሚያማት በጋሪ እንሂድ አለች። ባለጋሪው ወጣት ነው፤ ፈረሱን ሲያሾር አቧራው ተነሳና አርሴማን ያዛት። ግራ ዓይኗን በጡጫዋ ሸፍና ታሽ ጀመር። ትርሲት እጇን ልትይዝባት ስትል ልጅቷ ያለ ምንም ጭንቀት፣ በተገለጠው ቀኝ ዓይኗ ገበያውን እያየች፣ «እዚህም ጭጋግ አለ እንዴ?» አለች።

ባለጋሪው ዞሮ ሳቀ። «ጭጋግ? ኧረ ከቆሰበር ይዛው መጣች! እማማ፣ ጭጋግ ቀረጥ ይከፈልበታል ብለው ቢነግሯት ምናለ?»

ትርሲት አልሳቀችም። ወርቅአየሁም መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቀረ። ልጅቷ ይህን ቃል ስትናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከመጋቢት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ «ዛሬም ጭጋግ ነው» ስትል ኖራለች፤ ቆሰበር ላይ ሆኖ ጭጋግ አለ የሚልን ልጅ ማን ልብ ይለዋል? አዎ የኔ ማር፣ ጭጋግ ነው ብላታለች ራሷ ወርቅአየሁ፣ ስንት ጠዋት፣ ቀኙን ቆብ ገልጣ ጠብ እያደረገች።

«አቁመው» አለች ባለጋሪውን።

«ገና አልደረስንም እኮ እማማ።»

«አቁመው አልኩህ።»

ከአንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ወረዱ። ባለጋሪው ሒሳቡን ተቀብሎ እያጉረመረመ ሄደ። ወርቅአየሁ ልጅቷን ከፊቷ አቆመቻትና በመዳፏ ግራ ዓይኗን ከደነችው። እጇ የከሰልና የሳሙና ሽታ ነበረው። በሌላ እጇ ባዶውን ብልቃጥ ከመቀነቷ አውጥታ ከልጅቷ ፊት ያዘችው።

«አርሴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እጅሽ ነዋ።»

«እጄ ላይ ያለውስ?»

ልጅቷ ጣቶቿን ዘርግታ ትዳስስ ጀመር። ብልቃጡን ስታ የአክስቷን ቀሚስ ነካች።

«አትንኪ። እይና ንገሪኝ።»

አርሴማ ራሷን ወደ ጎን አዘነበለች፤ ትርሲት ለወራት ያየችው ያ ማዘንበል ነው። ትንሽ ቆየችና፣ «ጭጋጉ ሲያልፍ እነግርሻለሁ አክስቴ» አለች።

ወርቅአየሁ መዳፏን አላነሳችም። ሰዎች በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ አንዱ በግ ይጎትታል፣ አንዷ የቲማቲም ቅርጫት ተሸክማለች። ትርሲት ያን ጊዜ ብዙ ነገር መናገር ትችል ነበር። ነግሬዎት አልነበር? ማለት ትችል ነበር። የጠበቀችው ነገር ሲመጣ ደስ አላላትም፤ እንዲያውም ተሳስታ ቢሆን፣ ቅናት ብቻ ሆኖ ቢቀር ምናለ ብላ አሰበች። «እትዬ፣ እጅዎን ያንሱላት፣ ይሞቃታል» አለች። ወርቅአየሁ አነሳች።

ወደ መድኃኒት ቤቱ በእግራቸው ሄዱ። ጠባብ ክፍል ናት፤ መስታወቱ ላይ የሳል ሽሮፕ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፣ ከውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰች ናርዶስ የምትባል ወጣት ቆማለች። ወርቅአየሁ ተራዋ ሲደርስ እንደ ወትሮው ባዶውን ብልቃጥ መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። ናርዶስ ስሙን አንብባ ሌላ ሳትጠይቅ ከመደርደሪያው አዲስ አውርዳ አቀረበችላትና ዋጋውን ነገረቻት። ርካሽ ነው፤ ሁልጊዜም ርካሽ ነበር። ወርቅአየሁ ብሩን አላወጣችም።

«ይሄ መድኃኒት» አለች ቀስ ብላ፤ «ዓይን ያጨልማል?»

ወጣቷ ቀና አለች። «ለማን ነው?»

«ለልጅ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጠቀመው?»

ከወርቅአየሁ ኋላ የተሰለፈ ሰውዬ፣ «እባካችሁ ፈጠን በሉ፣ ሚኒባስ ያመልጠኛል» አለ።

«ማን አዘዘው?»

«ሐኪም። አምና።»

«አምና!» ናርዶስ አዲሱን ብልቃጥ ከመስታወቱ ላይ መልሳ አነሳችው። «እማማ፣ ይሄ ለጥቂት ቀን ነው የሚታዘዘው። ሐኪም እያየ እንጂ እንዲህ አይደለም። እስካሁን ማን ሸጠልዎት?»

«እናንተው ናችሁ እንጂ» አለች ወርቅአየሁ። «ባለፈው የነበረው ልጅ ምንም አላለኝም። አንቺም እኮ አሁን ልትሰጪኝ ነበር።»

ናርዶስ ፊቷ ቀላ። ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። የዓይን ክሊኒኩ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንደሚሠራ፣ ቶሎ እንዲሄዱ ነገረቻቸው። ሲወጡ ባዶው ብልቃጥ መስታወቱ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ወርቅአየሁ ተመልሳ ወሰደችው።

ክሊኒኩ ረጅም ኮሪደር ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ወንበር፣ በወንበሩ ላይ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ የጣሉ ሰዎች። ካርድ አወጡ፣ ጠበቁ። ሜላት የምትባለው የዓይን ነርስ ትርሲትን አወቀቻት፤ በኅዳር ጠብታውን የሰጠቻት እሷ ናት። አርሴማን ከግድግዳው ራቅ አድርጋ አቆመቻትና ወዲያና ወዲህ የሚዞሩ፣ ሦስት ጣት የመሰሉ ምልክቶች የተጻፉበትን ሰሌዳ አሳየቻት። ጣቱ ወዴት ነው? በእጅሽ አሳዪኝ አለቻት። ቀኙ ተከድኖ በግራው፣ ቀልቶ በሚያነባው ዓይኗ፣ አርሴማ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ እጇን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያደረገች አሳየች፤ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ግራው ተከድኖ በቀኙ ሲሆን እጇ አየር ላይ ቆመ። ትልቁን፣ ከላይ ብቻውን ያለውን፣ ገምታ አሳየች፤ ተሳሳተች። ነርሷ ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርጋ፣ የዓይን ግፊት የምትለካ፣ ትንሽ ሚዛን የመሰለች ብረት መጀመሪያ በግራው፣ ቀጥሎ በቀኙ ዓይኗ ላይ አስቀመጠች። የቀኙን ደገመችው። ከዚያ ብረቷን በአልኮል ጠርጋ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ለሁለቱም ዓይን ብዬሽ አልነበር?» አለቻት ትርሲትን። «ለሁለቱም ጠብ አድርጊ፣ በወሩ ተመለሺ አላልኩሽም? ግራው ቢቀላም ደህና ነው፤ ቀኙን ምን አደረጋችሁት?»

ወርቅአየሁ ባዶውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሜላት አንስታ አነበበችው፤ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። የቀኝ ዓይኗ ግፊት ከፍ ማለቱን፣ ከውስጥ ያለው ነርቭ ሳይጎዳ እንዳልቀረ፣ ብሌኑም መደብዘዝ መጀመሩን፣ እዚህ ሊታይ ስለማይችል ባሕር ዳር ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ እንዳለባት ነገረቻቸው። እስከዚያ ግፊቱን የሚቀንስ ሌላ ጠብታ ሰጠቻቸው።

«ታዲያ የቱ ነው የሚሻለው?» አለች ወርቅአየሁ። ሌላ ጥያቄ አልመጣላትም። ስድስት ወር ሙሉ ቤቱ ሁሉ የጠየቀው ይህንኑ ነው።

«ሁለቱም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው» አለች ነርሷ፤ ድምፅዋ የደከመ ነበር፣ ይህን ስትናገር የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ያስታውቃል። «የርስዎ የጠና ጊዜ የሚሰጥ ነው። ቶሎ ያነጣል፤ ግን ሐኪም ሳያየው ከሰነበተ የዓይንን ግፊት ይጨምራል፣ ያጨልማል፣ ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። የሷ ቀስ ይላል፤ ለወራት ቢደረግ ግን ጉዳት የለውም። አንዱ ለጥድፊያ ነው፣ አንዱ ለመኖር። እናንተ ግን ቅላቱን ብቻ ነው ያያችሁት። ዓይኗ ያያል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም?»

«ኩባያ ከጎኑ ትይዝ ነበር» አለች ትርሲት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

አግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ይስሉ ነበር። «ተናግራለች» አለች ወርቅአየሁ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። «ባለጉዳይ ነሽ አልናት።»

ሜላት የምን ጉዳይ ብላ ጠየቀች፤ ያስረዳት የለም። ወረቀቱን ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ ሰጠቻቸው። ማን ይቀበል እንደሆነ ስላላወቀች ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው። ትርሲት ወሰደችው።

ሲመለሱ አርሴማ መስኮቱ ጋ ልቀመጥ አለች። ወርቅአየሁ ከመነኻሪያው ሙዝ ገዝታላት ነበር፤ እሱን እየበላች በግራ ዓይኗ ዛፉን፣ ከብቱን፣ የቤት ቆርቆሮውን እየቆጠረች ሄደች። ትርሲት ራሷን መስኮቱ ላይ ልታስደግፍ ፈልጋ ልጅቷ ስላለች ተወችው። አዲስ ቅዳም ላይ ዝናብ ተቀበላቸው። ወርቅአየሁ ነጠላዋን አውልቃ ልጅቷን ስታለብስ ጫፉን በትርሲት ጉልበት ላይም ጣለችው። ትርሲት አላነሳችውም።

ቤት ሲደርሱ መሳፍንት ከሰሉ እንዳይረጥብ ሸራ እያለበሰ ነበር። «ገዛችሁ?» አለ ከሩቅ። ወርቅአየሁ አልፋው ገባች። ሳሎኑ ጠዋት እንደተዉት ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ፣ የጋሽ ኪዳኑ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ፣ ዱካው በሩ ፊት ለፊት። ትርሲት ከደረቷ ብልቃጧን አውጥታ እንደ ለመደችው በቴሌቪዥኑ ግራ ልታስቀምጥ ስትል ወርቅአየሁ ከእጇ ተቀበለቻትና መሐል ላይ አስቀመጠችው። ከነርሷ የመጣውን አዲሱን ከጎኑ አቆመች። ባዶውን ግን መቀነቷ ውስጥ መልሳ ከተተችው። መሳፍንት እጁን በጆንያ እየጠረገ ገባና ወረቀቱን አነበበ፤ ማንበብ ላይ ፈጣን አይደለም። ሲጨርስ እህቱን አያት፣ ከዚያ ሚስቱን አያት፣ ጉሮሮውን ሊጠርግ ብሎ ተወው። «በከሰሉ ነው እንግዲህ» አለ። «ከሰሉ ነው ያመጣው።»

ጠብታው ሰዓት ሲደርስ አርሴማ ራሷ ዱካው ላይ ተቀምጣ አገጯን ቀና አደረገች። ሁለቱ ሴቶች እንደ ወትሮው ግራና ቀኝ ቆሙ። ወርቅአየሁ የቀኙን ቆብ ለመግለጥ እጇን ዘርግታ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆመ። «አንቺው አድርጊላት» አለች። «ሁለቱንም።» ግንባሯን ብቻ ያዘች። ትርሲት ጠብ አደረገች፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

ጋሽ ኪዳኑ ያን ጊዜ ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ ሳሎኑ ሁሉ ይሰማል። «እህሳ ወርቅአየሁ፣ ውሳኔው ተፈጸመ? ሁለቱም ዓይን ጀመረ?» ወርቅአየሁ በአዊኛ ጀመረች፤ ከዚያ ትርሲትን አየቻትና ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ጋሼ፣ ውሳኔው ይቅር። ልጅቷን ሰኞ ባሕር ዳር ልንወስዳት ነው።» «ምን ሆነች?» «ሲመሽ አይወራም ጋሼ፣ ሲነጋ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሰኞ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ማክሰኞ ሦስቱም ሄዱ። ሐኪሙ ለቀኝ ዓይኗ የቀረውን ማቆየት እንደሚቻል፣ የሄደው ግን እንደማይመለስ ነገራቸው።